በሁለት እጄ የተቀበልኩት ጽዋ

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደሴ፣ ሰኞ ገበያ

ለውድ እቴቴ የኔነሽ፣

እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም፤ ግን አንድ ነገር ተቀብያለሁ። መቀበል አልነበረብኝም መሰለኝ።

ሰላምታ ሳላስቀድም መጀመሬን አሁን አየሁት። ወረቀቱን መቅደድ ስላልፈለግኩ ከመሃል ይግባ። እንዴት ከርመሻል? ጤናሽን፣ እንቅልፍሽን፣ ያንን የሚያስቸግርሽን ወገብሽን ቅዱስ ሚካኤል ይጠብቅልሽ። ለምታስታምሚያቸው አሮጊትም ምሕረቱን ይላክላቸው። እኔ ደህና ነኝ። እትዬ ሥርጉትም ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለውሻል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርብ ዕለት የሚካኤል ማኅበር በወይዘሮ ሸዋረጋ ቤት ነበር። እትዬ ሥርጉት ሽንኩርት ሊያስጭኑ ኮምቦልቻ መውረድ ስለነበረባቸው ድፎ ዳቦውን አሸክመው እኔን ላኩኝ። በር ላይ ሳለሁ መልሰው ጠሩኝና «ስሚ፣ ዳቦውን አስረክበሽ፣ ጸበል ጸዲቅ ቀምሰሽ ቶሎ ተመለሺ። በእኔ ስም ምንም ነገር እንዳትቀበዪ፤ የእኔ ተራ ሚያዝያ ነው» አሉኝ። እሺ አልኩ። እኔ መቼም የማውቀው እሺ ማለት ነው።

እዚያ በሩ ጥግ ተቀመጥኩ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ጸሎት ደረሰ። የታኅሣሥን ማኅበር ለማዘጋጀት ጽዋውን መውሰድ የነበረባት ሴትዮ ወንድሟ ሞቶባት ሐዘን ላይ ናት። ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴው አባባ ደምለው «እንግዲያው ማን ያነሣል?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም አጎነበሰ። አንዷ ልጄ ታሟል አለች፣ አንዷ ቤቴ እየታደሰ ነው አለች፣ አንዷ ነጠላዋን ደጋግማ ታስተካክል ጀመር። ቄስ እንየው ጽዋውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ክንዳቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ አርጅተዋል እኮ። ለእኔ ቅርብ ነበሩ። እንዳሳርፍላቸው የዘረጉልኝ መሰለኝና ተነሥቼ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ተሳለምኩትም።

አባባ ደምለው «ልጄ፣ በሥርጉት ስም ነው?» አሉኝ።

የታዘዝኩት ትዝ አለኝ። «ኧረ በእሳቸው ስም አይደለም» አልኩ።

እቴቴ፣ እልልታውን ብትሰሚ! «በራሷ ስም!» አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ፤ «እኛ ትልልቆቹ ስንሸሽ ልጅቷ ቀደመችን!» ቄስ እንየው ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው መረቁኝ። አይደለም፣ ተሳስቼ ነው ማለት ነበረብኝ። እየዘመሩ እስከ በራችን ሸኙኝ።

አሁን ጽዋው እኔ የምተኛበት ጓዳ ውስጥ ነው። የበርበሬ ጆንያ ላይ ማኖር ነውር መሰለኝ፤ የሳሙና ካርቶን ገልብጬ ነጠላዬን አንጥፌበት እዚያ አስቀመጥኩት። እኔ ከሥሩ መሬት ላይ እተኛለሁ።

እትዬ ሥርጉት ሲመለሱ ጎረቤት ቀድሞ ነግሯቸዋል። አልጮሁም። ጫማቸውን እያወለቁ «ለነፍሴ ብዬ ያስጠጋኋት ልጅ ማኅበርተኛ ሆነችልኝ» ብለው ሳቁ። ቆይተው ግን «በማን ቤት ነው የምታበያቸው? እስቲ ንገሪኝ፣ በማን ቤት?» አሉኝ።

ምን ላድርግ? እንደ ወትሮው ልብስ ወይም ጫማ ላኪልኝ አልልሽም። አንድ ቃል ብቻ ላኪልኝ።

ልጅሽ ጽናት

ደብዳቤውን እንደ ሁልጊዜው ጎረቤታችን ጣይባ በስልኳ አንሥታ እዚያ ሕንጻሽ ውስጥ ለምትሠራው እህቷ ለዊዳድ ትልክልሻለች። ቀስ ብዬ የጻፍኩት ፎቶው ላይ እንዲነበብልሽ ነው።


ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም. (ቀኑን ዊዳድ ነገረችኝ)
ጂዳ

ለልጄ ለጽናት፣

ከሩቅ ሆኜ ሰላም እልሻለሁ። የእናትሽን ነፍስ ያሳረፈ አምላክ አንቺን በጥላው ያኑርሽ፤ እጅሽ የያዘውን ይባርክልሽ።

ጽሑፍሽን ዊዳድ ቆሻሻ ልንጥል ስንወርድ አሳየችኝ። ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት። እልልታው ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝና ዊዳድ «ምን አገኘሽ?» ብላ ደነገጠች። የወይዘሮ ሸዋረጋ ድምፅ እዚህ ድረስ ተሰማኝ።

ልጄ፣ ጽዋውን መልሺ። ለአባባ ደምለው እውነቱን ንገሪያቸው፤ ልጅ ናት ብለው ይቅር ይሉሻል። ሥርጉትን አታስቀይሚያት። የእናትሽ የአክስት ልጅ ብትሆንም ግዴታ አልነበረባትም፤ አባትሽ ሌላ ሚስት አግብቶ ኮምቦልቻ ሲገባ በሯን የከፈተችልሽ እሷ ናት። ጥቂት ታገሺ። እኔ ለፋሲካ እመጣለሁ። እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ያለችውን ክፍሌን ከፍተን አብረን እንቀመጣለን፤ ትምህርትሽንም ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። ጽዋም ያኔ ብታነሺ ያምርብሻል።

ስለ እኔ አታስቢ። አሮጊቷ ከእኔ እጅ ካልሆነ አይበሉም። ጠዋት ጠዋት እግራቸውን አጥባለሁ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ማተቤንም በውስጥ ልብሴ ሰፍቼ ነው የያዝኩት። እግራቸውን ሳጥብ ግን ዝቅ ብዬ «አባታችን ሆይ» እላለሁ በልቤ። እሳቸው እንቅልፍ የወሰደኝ ይመስላቸውና ራሴን ይነካኩኛል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቁልፉን ለሥርጉት ከሰጠኋት ጀምሮ ክፍሌን በየወሩ አስጠርጋለሁ ትለኛለች። እስቲ ሄደሽ እዪልኝ። አልጋው ላይ ላስቲኩ እንዳለ ነው? ሰማያዊውን መጋረጃ ፀሐይ አደብዝዞት ይሆን? እዚህ ጋደም ስል የማስበው እሱን ነው። እንደዋዛ አትይው፤ ጻፊልኝ።

አክስትሽ የኔነሽ


ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደሴ

ለውድ እቴቴ፣

እንዴት አለሽ? ያጠብሽው እግር ሁሉ ይቁጠርልሽ። አሮጊቷ ራስሽን ሲነካኩሽ ታየኝና ደስ አለኝ፤ ከዚያ ደግሞ ከፋኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እንዳልሽኝ አደረግኩ። አባባ ደምለው ሰኞ ገበያ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋሉ። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ፣ ሰው እንዳይገፋኝ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ሄድኩ። የአንድ ሰው ሱሪ እያሳጠሩ ነበር። መርፌውን በአፋቸው እንደያዙ አዳመጡኝ። እኔም አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«ጨረስሽ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«ይኼ እኮ ሱሪ አይደለም ልጄ፣ ሰፋኝ ጠበበኝ ተብሎ የሚመለስ። መልሼ ለማን ልስጠው? የዚያን ዕለት ቤት ሙሉ ሰው ነበር። እጁ የተዘረጋ ግን የአንቺ ብቻ ነው።»

«ተሳስቼ ነው።»

«ዮሴፍም ግብፅ የወረደው አቅዶ አይደለም» አሉና ሳቁ። ባለ ሱሪውም አብሮ ሳቀ፤ ፊቴ ጋለ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጾም ነው። ንፍሮና ውኃ ካለ ማኅበር ነው። መቀመጫ ብቻ ፈልጊልን፤ ወገባችን አርጅቷል» አሉኝ።

ጽዋውን ይዤ ተመለስኩ።

በማግስቱ እትዬ ሥርጉት ዕቃ እንዳመጣ ኮምቦልቻ ላኩኝ። አባዬን መጋዘን በር ላይ፣ ጥበቃ ከሚውልበት አገኘሁት። እሱና ሚስቱ ሁለት ክፍል ተከራይተዋል ብዬ አንዷን ለአንድ ቀን ልጠይቀው አስቤ ነበር። ገና አፌን ሳልከፍት «ሥርጉት ደህና ናት? እሷን የመሰለ ሰው የለም። እሷ ባትኖር የት ትወድቂ ነበር? ቻይ ልጄ፣ ዋናው ማደሪያ ነው» አለኝ። ሙዝ ገዝቶ ሰጠኝ። በታክሲ ወደ ደሴ ስወጣ ሙዙን እንደያዝኩ፣ ሳልልጠው፣ ሰኞ ገበያ ደረስኩ።

እቴቴ፣ ደመወዝ ቢሆን ሰው ይጠይቃል። ቤት ኪራይ ቢሆን ይከፈልና ይለቀቃል። ለነፍሴ ብዬ ነው ለሚል ሰው ግን ምን ይባላል? ውኃ ስቀዳም፣ በርበሬ ስቀነጥስም፣ ትምህርት ቤት ምዝገባ ሲያልፈኝም ለነፍሳቸው ነው። አመሰግናለሁ እላለሁ። አመሰግናለሁ ባልኩ ቁጥር በሩ አንድ ጊዜ የሚቆለፍብኝ ይመስለኛል።

ስለ ክፍልሽ በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ልጅሽ ጽናት


ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጂዳ

ለልጄ ለጽናት፣

ሰላሙን ያብዛልሽ። ዛሬ አላስረዝምም፤ ዊዳድ ቸኩላለች።

መቀመጫው ካልተገኘ ጽዋውን በሥርጉት ስም አድርጊውና በእሷ ቤት ይሁን። አንቺ ብትላላኪስ ምን ይላል? ስም ምን ይሠራል?

እኔ ለፋሲካ ካልሆነልኝ ለክረምት ነው የምመጣው። የአሮጊቷ ልጆች ጉዳዩን እያዩት ነው። የሚላክ ነገር ሲገኝ እልክልሻለሁ፤ የጫማ ቁጥርሽን ንገሪኝ።

ስለ ክፍሌ ግን አልጻፍሽልኝም። ስለ ሁሉም ነገር ጽፈሽ ያንን ዘለልሽው። ለምን?

አክስትሽ የኔነሽ


ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደሴ

ለውድ እቴቴ፣

የምጽፈውን አምላክ በቀስታ ያሰማሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ደረጃ ላይ አይሁን።

ክፍልሽ መጋዘን ሆኗል። ከመስቀል በፊት ጀምሮ ነው። አልጋው ላይ የሽንኩርት ጆንያ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ ላስቲኩ ተቀዷል። ሰማያዊው መጋረጃ እዚህ ቤት ነው፤ ፀሐይ ላይ የሚሰጣውን በርበሬ ከአቧራ ይሸፍናል። እኔ ራሴ ነኝ ጠዋት የማለብሰው፣ ማታ የማነሣው። ጆንያዎቹን ስናስገባ ለእቴቴ እንንገራት ወይ ብዬ ነበር። «ባዶ ቤት የአይጥ ነው። ንገሪያትና እዚያ በባዕድ አገር ታልቅስ፤ ደስ የሚልሽ ከሆነ ንገሪያት» አሉኝ። እንድታለቅሺ ስላልፈለግኩ ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ በየደብዳቤሽ ስለ መጋረጃው ትጠይቂኛለሽ።

ስም ምን ይሠራል አልሽኝ። ጽዋውን በስማቸው እንዲያደርጉት ነግሬያቸው ነበር፤ ከአንቺ ደብዳቤ በፊት። «አይሆንም፤ በሰው ፊት በእሳቸው ስም አይደለም ብለሽ የለ? እንግዲህ ተወጪው። አለዚያም አንቺው ወስደሽ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አስቀምጪው» አሉኝ። በቤታቸውም አይሆንም፣ በስማቸውም አይሆንም። መመለስም አይሆንም። ዙሪያውን አየሁት፤ መውጫ የለውም።

ጸሎት አቅቶኛል። «አባታችን ሆይ» እልና «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ጋ ስደርስ አፌ ይቆማል። ውሸት እንዳልናገር ብዬ ያንን ዘልዬ ስጨርሰው ደግሞ ጽዋው የሚያየኝ ይመስለኛል። ትናንት ሦስቴ ጀምሬ ተውኩት።

ይኼንንም መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍኩት ነገሬ ግማሽ ይሆናል። ያን ጊዜ ታይፎይድ ሲይዘኝ መኪና ስላልተገኘ እትዬ ሥርጉት በጀርባቸው አዝለው ነው ሐኪም ቤት ያደረሱኝ። ዳገቱን ሲወጡ ትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር። ለነፍሴ አላሉም ያን ቀን። ምንም አላሉም። ያቺን ሴትዮና ይቺን ሴትዮ አንድ ማድረግ አቃተኝ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ ድፍረት እንዳይሆንብኝ። አምናም ለፋሲካ ብለሽኝ ነበር። እውነት ትመጫለሽ?

ጫማ አልፈልግም።

ጽናት


ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጂዳ

ለልጄ ለጽናት፣

የሰማይና የምድር ጌታ፣ ለተጠማ ሁሉ የሚደርሰው፣ ካንቺ አይራቅ።

የዘገየሁት ዊዳድን ስላጣሁ አይደለም። ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት ወረቀት ሰጥታኝ ነበር። የምጽፈውን ስላላወቅኩ ነው።

አልመጣም፣ ጽናት። ለፋሲካም፣ ለክረምትም። አሮጊቷ እጄን ይዘው «አንቺ ከሄድሽ እኔም እሄዳለሁ» አሉኝ፤ ልጆቻቸው በር ላይ ቆመው ያዩኛል። ወረቀቱን አቀረቡልኝ፤ ተጨማሪ ሁለት ዓመት። እምቢ ማለት አቃተኝና ፈረምኩ። ለፋሲካ እመጣለሁ ብዬ ስጽፍልሽ ፈርሜ ነበር። አንቺ ጽዋውን ስትቀበዪ ሳቅሁብሽ፤ እኔም ያደረግኩት እኮ ያንኑ ነው። ልዩነቱ አንቺ የተቀበልሽው ማኅበር ነው።

ስለ አልጋውና ስለ መጋረጃው አለቀስኩ፤ አልዋሽሽም። ዕቃ ሳጥብ አለቀስኩ፣ ልብስ ስተኩስ አለቀስኩ። ከዚያ አንድ ነገር ገባኝ። እኔ ያቺን ክፍል ለራሴ ቆልፌ ነበር፤ አንቺ ግን ከካርቶን ሥር መሬት ላይ ትተኛለሽ። ቁልፉን ለአንቺ መስጠት ስችል አልሰጠሁም። መጥቼ እኔ ራሴ ልከፍትልሽ ፈልጌ፣ አመስግኚኝ ብዬ። ከሥርጉት በምን ተሻልኩ?

ስለዚህ ክፍሏ ያንቺ ናት። እስክመጣ ጠብቂልኝ አላልኩም። ውለታ አይደለም፤ እንዳትመልሺልኝ። አመሰግናለሁ የሚል ደብዳቤም እንዳትጽፊልኝ። ማኅበሩን እዚያ አድርጊ፤ ከዚያ በኋላ እዚያው ኑሪ።

ለሥርጉት በዊዳድ ስልክ ደውዬ ነገርኳት። «ቁልፉ የት እንደገባ እንጃ፣ ጠፍቶብኛል» አለችኝ። ከዚህ በላይ ከዚህ ሆኜ የማደርገው የለኝም። አንቺ ጠይቂያት። አትሳደቢ፣ አታልቅሺ፤ ጠይቂያት። ያዘለችሽም እሷ ናት፣ መጋረጃዬንም የወሰደች እሷ ናት፤ አንድ ማድረጉን ለፈጠራት ተይለት።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጸሎት ሲደርስ ስመ ክርስትናዬን ለቄስ እንየው ንገሪልኝ። ወለተ ጻድቅ ነው። እዚህ በዚያ ስም የሚጠራኝ የለም።

የኔነሽ


ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደሴ

ለውድ እቴቴ፣

አትጻፊ ያልሽኝን ቃል አልጻፍኩም። ደብዳቤሽን ግን አጥፌ በጽዋው ሥር አድርጌዋለሁ።

ቁልፉ አልጠፋም። እትዬ ሥርጉት በመቀነታቸው ከሚያስሯቸው ቁልፎች መካከል ነው፤ አንቺ ያሰርሽበት ሰማያዊ ክር ዛሬም አለበት። በየቀኑ አየዋለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ልጠይቃቸው ፊታቸው ሄጄ ውኃ ላምጣ ወይ ብዬ ተመልሻለሁ። ትናንት ሦስት ጊዜ ውኃ አመጣሁላቸው። በመጨረሻ «ምን ሆነሻል? ግመል አደረግሽኝ እኮ» አሉኝ።

ጣይባ ትልቅ ድስትና ሁለት ምንጣፍ አውሳኛለች። ጾም መሆኑን ስለምታውቅ ድስቱን እያንኳኳች «ወላሂ ሥጋ አይቶ አያውቅም፤ ለሠርጌ ገዝተውልኝ ሠርጉ የቀረ ድስት ነው፤ ንፁሕ ነው!» አለችኝ። ብዙ ሳቅን። ቀጥላ «ካልሰጡሽስ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «አላህ ያግራልሽ። እኔ ግን ጆንያ ለመሸከም በሌሊት እነሣለሁ» አለች።

ዛሬ ጠዋት የነከርኩትን ባቄላና ስንዴ እትዬ ሥርጉት አዩት። የሚቆጡ መስሎኝ ቆምኩ። ድስቱን ከፍተው፣ ውኃውን በጣታቸው ነክተው ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ሳይዞሩ «ጨው እንዳታበዢ፤ ቄስ እንየው ደም ብዛት አለባቸው» አሉ። ያ ምን ማለት እንደሆነ ቀኑን ሙሉ አሰብኩት። ይሰጡኛል ማለት ይሆን? ወይስ ቅዱሱ ነገር እንዳይበላሽ ብቻ ነው? ቁልፉ መቀነታቸው ላይ እንዳለ ነው።

ማታ «አባታችን ሆይ» አልኩ። እዚያ ቃል ጋ ስደርስ አሁንም ቆምኩ፤ ግን አልዘለልኩትም። ዳገቱ ላይ የሰማሁትን ትንፋሽ አሰብኩና ቀስ ብዬ አልኩት። ሙሉ በሙሉ ከልቤ ነው ብዬ አልምልም። አልኩት ብቻ።

ነገ እሑድ ነው፤ ሚካኤል። ከቅዳሴ እንደተመለስን ጽዋውን ይዤ እትዬ ሥርጉት ፊት እቆማለሁ። ውኃ ላምጣ አልልም። «እትዬ፣ መጀመሪያ የምጠራው እርስዎን ነው። ከአባባ ደምለው ቀጥሎ ያለው መቀመጫ የእርስዎ ነው። የእቴቴን ክፍል ቁልፍ ይስጡኝና ልክፈተው» እላለሁ። በልቤ ደጋግሜዋለሁ፤ አሁን ደግሞ ጻፍኩት። ከሰጡኝ እኔና ጣይባ ጆንያዎቹን አውጥተን፣ አንድም ሽንኩርት ሳይጎድል፣ በራቸው ላይ እንደረድርላቸዋለን። ካልሰጡኝ ሆጤ ሄጄ በተቆለፈው በር ፊት ምንጣፉን አነጥፋለሁ። ማኅበርተኛው ከደጅ ይቀመጣል፤ አባባ ደምለው ስለ ወገባቸው ያጉረመርማሉ። ጥሪዬ ግን አይነሣም፤ የእትዬ ሥርጉት ቦታ ባዶም ቢሆን ይቀመጥላቸዋል።

ጸሎት ሲደርስ ጽዋውን ለሚቀጥለው ሰው አስረክባለሁ። እጄ ባዶ ይሆናል። ወደ ጓዳው ግን አልመለስም፤ በሩ ባይከፈትም እንኳ ጣይባ ዘንድ አድራለሁ፤ በማግስቱም ቁልፉን እንደገና እጠይቃለሁ።

ቄስ እንየው ጆሯቸው ከብዷል። ስምሽን በሹክሹክታ ብነግራቸው አይሰሙኝም። ስለዚህ ነገ፣ ቤት ሙሉ ሰው ባለበት ወይም ደጅ ሙሉ ሰው ባለበት፣ ተነሥቼ ቆሜ ወለተ ጻድቅ ብዬ ጮክ ብዬ እናገራለሁ።

ጽናት